ነጭ ሽንኩርቱና የሐኪሙ ማዘዣ

በብልት ማሳከክ የተነሳ ሐኪም ቤት የምትሄድ ሴት ከመሄዷ በፊት ቤቷ ውስጥ አንድ ሁለት ነገር ሳትሞክር አትቀርም። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጨው ጨምራ ተቀምጣበታለች። ጤና አዳም ቀቅላ ታጥባበታለች። እርጎ ቀብታለች፤ ወይም ጎረቤቷ «እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» ያለቻትን ነጭ ሽንኩርት ልጣ፣ በፋሻ ጠቅልላ፣ በብልቷ አስገብታ አድራለች። ሐኪሙ «ሌላ የወሰድሽው ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቃት ግን መልሷ «የለም» ነው። ነጭ ሽንኩርትን ከመድኃኒት ስለማትቆጥረው ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን አፍራ ነው፤ ወይም እቆጣለሁ ብላ ፈርታ። ማዘዣዋን ይዛ ትወጣለች፤ ከፋርማሲ የገዛችውን ትጀምራለች፤ የቤቱንም አትተወውም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ስለዚሁ ጎን ለጎን አካሄድ ነው። የቤት መድኃኒትን በጅምላ ላወግዝ አልተነሳሁም። አንዳንዱ ሕመም ያስታግሳል፤ አንዳንዱ አይጠቅምም አይጎዳም፤ አንዳንዱ ደግሞ የቆሰለውን ያባብሳል፣ ወይም በሽታው ምን እንደሆነ እንዳይታወቅ ይሸፍነዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ከተፈጥሮ በመገኘቱ አይደለም። የት እንደገባ፣ መቼ እንደተጀመረና ሐኪሙ ማወቅ አለማወቁ ነው የሚለየው።

በመጀመሪያ ግን ማሳከኩን ብዙ ጊዜ ስለሚያመጣው ፈንገስ፣ ስለ ካንዲዳ።

ካንዲዳ ከሩቅ የመጣ ባዕድ አይደለም። በብዙ ጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና በሴት ብልት ውስጥ በጥቂቱ ይኖራል፤ ሰውነት ተቆጣጥሮት እስካለ ድረስ መኖሩም አይታወቅም። ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው ዓይነት አብዛኛውን ሕመም ያመጣል። አብረውት የሚኖሩት ደግሞ ላክቶባሲለስ የምንላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም አልበርት ዶደርላይን እ.ኤ.አ. በ1892 ስለነዚህ ባክቴሪያዎች ጽፎ ነበር። ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ጤነኛ ሴት የብልቷ የአሲድ ልኬት፣ ማለትም ፒኤች፣ ከ3.8 እስከ 4.5 የሚሆነው በነሱ ምክንያት ነው።

ይህን ሚዛን የሚያናጉት ነገሮች ይታወቃሉ። ለጉሮሮ ወይም ለሽንት ቧንቧ ሕመም የተወሰደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹን አብሮ ይጠርጋል። እርግዝና ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ፈንገሱም ይመቸዋል። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር በሽታ ይመግበዋል። ስቴሮይድና ያልታከመ ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ። የብልት ፈንገስ ሕመም ከ4 ሴቶች 3ቱን በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል ተብሎ ይገመታል። ይህን ቁጥር ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዚህ ሕመም የተነሳ ስንት ቤት ውስጥ ክፉ ቃል ተወርቷል። የብልት ፈንገስ ባል ስለመማገጡም ሆነ ሚስት ንጽሕናዋን ስለመጣሏ ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ብዙዎቹን የሚያሠቃያቸው ከልክ ያለፈ መታጠብ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። የፈንገስ ሕመም በያዛት ሴት ላይ የብልቷ ፒኤች ብዙውን ጊዜ አይለወጥም፤ ከ4.5 በታች እንዳለ ነው። ካንዲዳ አሲዱን ለምዶ ይኖርበታል። ስለዚህ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በጥብጦ በመታጠብ ፈንገሱን ማባረር የሚለው ሐሳብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ሎሚ የሚያቃጥለው ቀድሞ የቆሰለውን ሥጋ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ወደ ውስጥ መክተትም በተቃራኒው አሲዱን ይቀንሳል፤ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ በር ይከፍታል።

እውን ፈንገስ ነው?

ከቤት መድኃኒቱም ከማዘዣውም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። የፈንገስ ሕመም ዋና ምልክት ማሳከክ ነው፤ አንዳንዴ እንቅልፍ የሚነሳ። ፈሳሹ ነጭ፣ ወፍራም፣ አይብ የመሰለ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፤ ግንኙነት ያማል፤ የብልት ከንፈር ይቀላል፣ ያብጣል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ፈሳሹ ቀጭንና ግራጫ ሆኖ የዓሣ ሽታ አለው፤ ሽታው ከግንኙነት በኋላ ይበረታል። ትሪኮሞናስ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን አረፋ ያለው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ያመጣል። ለሁለቱም የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞልን የመሰለ መድኃኒት ነው። የፈንገስ መድኃኒት አይነካቸውም።

በወረቀት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ይመስላል። በሥጋ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ያለ ማዘዣ የሚሸጥ የፈንገስ መድኃኒት ለራሳቸው የገዙ 95 ሴቶችን መርምሮ ነበር። በትክክል የፈንገስ ሕመም ብቻ የነበረባቸው ከሦስት አንዷ ገደማ ነበሩ። የቀሩት ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ፣ የተደባለቀ ኢንፌክሽን፣ ሌላ ሕመም፣ ወይም ጭርሱን ምንም ያልነበረባቸው ናቸው። ከዚህ በፊት በሐኪም «ፈንገስ ነው» የተባሉትም ቢሆኑ በግምታቸው ከሌሎቹ የተሻሉ አልነበሩም።

ይህ ለኛ ትልቅ ትርጉም አለው። አሜሪካ ያለች እህታችን ሚኮናዞል የሚባለውን የፈንገስ መድኃኒት ከሱቅ መደርደሪያ አንስታ ትገዛለች። አዲስ አበባ ያለችው ፋርማሲ ገብታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለሚያሳክክ» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም ሳትመረመር ይሰጣታል። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያለችው ደግሞ ለብቻዋ ወጥታ ሐኪም የማየት ነጻነት ላይኖራት ይችላል፤ ያላት ስልኳና ወጥ ቤቱ ነው። ሦስቱም ሳይመረመሩ ይታከማሉ። ምርመራው ደግሞ ከባድ አይደለም። የአሲድ መለኪያ ወረቀት፣ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽና ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይበቁታል። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግን ይህም ላይኖር ስለሚችል ባለሙያው ምልክቱን ሰምቶና አይቶ ያክማል። ባለሙያው የሚያየው ነገር ያልተነካ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ሴትየዋ ከመምጣቷ በፊት በነጭ ሽንኩርት አቃጥላው ከሆነ የቀላውና ያበጠው ሥጋ በፈንገስ ይሁን በሽንኩርቱ መለየት ያስቸግራል። ውስጡን አጥባው ከሆነ ደግሞ የሚመረመር ፈሳሽ አይገኝም። ስለዚህ ለምርመራ ከመሄድ በፊት ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን በብልት ውስጥ ምንም አለማስገባት ነው፤ ቅባትም፣ ቅጠልም፣ የውሃ እጥበትም።

ከጓሮ አፈር የተገኘ መድኃኒት

«የፋብሪካ ኬሚካል ከምወስድ የተፈጥሮውን እሞክራለሁ» የሚል ንግግር ደጋግሜ እሰማለሁ። ለዚህ ንግግር የኒስታቲንን ታሪክ ያህል ጥሩ መልስ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁለት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ለኒው ዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበር። ኤልዛቤት ሄዘን ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሬቸል ብራውን ደግሞ አልባኒ። በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ባክቴሪያን ድል አድርገው ነበር፤ በፈንገስ ላይ ግን ሰው ሳይጎዳ የሚሠራ መድኃኒት አልነበረም። እንዲያውም አንቲባዮቲክ በበዛ ቁጥር የፈንገስ ሕመም እየጨመረ ሄደ። ሄዘን ከየቦታው የአፈር ናሙና እየሰበሰበች በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ታሳድግና በፈንገስ ላይ ትሞክራለች። ተስፋ የሚሰጥ ሲገኝ በጠርሙስ አሽጋ በፖስታ ወደ አልባኒ ትልካለች። ብራውን ደግሞ ከውስጡ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይታ አውጥታ በፖስታ ትመልስላታለች። ሄዘን እንደገና በፈንገሱ ላይ ትሞክረዋለች፤ ከዚያም በእንስሳት ላይ። አብዛኛው ፈንገሱን ይገድላል፤ እንስሳውንም ይገድላል። እሱ ይጣላል። በመጨረሻ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንዲት የሄዘን ወዳጅ ቤተሰብ እርሻ በመጣ አፈር ውስጥ ፈንገሱን እየገደለ እንስሳውን የማይጎዳ ንጥረ ነገር ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ አደረጉት፤ ስሙንም ከኒው ዮርክ ግዛት ስም ወስደው ኒስታቲን አሉት። ከባለቤትነት መብቱ የተገኘውን ገቢ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሳይንስ ምርምር ሰጡት። ለራሳቸው አልወሰዱም።

እንግዲህ ኒስታቲን የተፈጥሮ ነው ወይስ የፋብሪካ? አፈር ውስጥ የሚኖር ሕዋስ የሠራው ነው። ከጓሮ ቅጠል የሚለየው ሴቶቹ ገዳዩን ከማይገድለው ለይተው፣ መጠኑን ለክተው፣ ጉዳቱን ቀድመው ማየታቸው ነው። የኛም አገር ይህን ትምህርት በኮሶ ከፍሎበታል። ኮሶ እውነተኛ መድኃኒት ነበር፤ ትሉን ያስወጣል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ ተቀብለውታል። ሲበዛ ግን ዓይን አጥፍቷል፤ ሰውም ገድሏል። የሚያድን ነገር የመጉዳት አቅምም አለው፤ ከቅጠልም ይምጣ ከፋብሪካ።

ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ኤዞል የሚባሉት ናቸው፦ ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል፣ ፍሉኮናዞል። ፈንገስ የሕዋሱን ሽፋን የሚያጠናክርበት ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት አለው፤ የሰው ሕዋስ በምትኩ ኮሌስትሮል ነው የሚጠቀመው። ኤዞሎቹ ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ ያግዳሉ፤ ፈንገሱ ይዳከማል፣ መራባቱንም ያቆማል። ለቀላል ሕመም በብልት የሚገባ የ500 ሚሊግራም ክሎትሪማዞል አንድ ጊዜ ይበቃል፤ አነስ ያለ መጠን ከሆነ ለ6 ወይም ለ7 ሌሊት ይሰጣል። በአፍ የሚወሰደው ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም ነው፣ አንድ ጊዜ። ከአንድ ፍሬ በኋላ ብዙዎች «አልሠራም» ብለው በማግስቱ ወደ ቤት መድኃኒት ይመለሳሉ። መድኃኒቱ ግን ሰውነት ውስጥ ቀናት ይቆያል፤ ማሳከኩም የሚለቀው ቀስ በቀስ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ነው። በነዚህ ቀናት መሐል የተቀባ ነገር ሁሉ ያልሠራበትን ምስጋና ይወስዳል። ሌላም አለ። የፈንገስ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከወር አበባ በፊት ባለው ሳምንት ይብስና አበባው ሲመጣ ይረግባል። በዚያ ሳምንት የተሞከረው ቅጠል ሁሉ «አዳነኝ» ይባላል።

ከወጥ ቤት የሚመጣው

በነጭ ሽንኩርት ልጀምር። በላቦራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ካንዲዳን ይገድላል፤ ይህ እውነት ነው። የሚገድለው አሊሲን የሚባለው፣ ሽንኩርቱ ሲደቅ የሚፈጠር ንጥረ ነገር ነው። ግን ሰው ብርጭቆ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት የነጭ ሽንኩርት ክኒን በአፍ የወሰዱ ሴቶችን መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ በብልታቸው ባለው የፈንገስ መጠን ላይ ልዩነት አላገኘም። በብልት የሚገባው ደግሞ ያቃጥላል፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ቆዳ ማቃጠሉ በሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ ተመዝግቧል። የብልት ውስጥ ሥጋ ከክንድ ቆዳ እጅግ የሳሳ ነው። እዚህ ላይ አቋሜ የማያወላውል ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ይግባ፣ በብልት ውስጥ አይግባ።

እርጎ የሚለው ጉዳይ የበለጠ የሚያነጋግር ነው፤ ሐሳቡ መሠረት ስላለው። የሚጎድለው ላክቶባሲለስ ከሆነ በላክቶባሲለስ መተካት ምክንያታዊ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ትንሽ የአሜሪካ ጥናት በየቀኑ ላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ ያለበት እርጎ የበሉ፣ ሕመሙ የሚመላለስባቸው ሴቶች ሕመሙ እንደቀነሰላቸው ዘገበ፤ ዜናውም ዓለምን ዞረ። ሆኖም ጥናቱን እስከ መጨረሻው የዘለቁት ሴቶች በጣም ጥቂት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአውስትራሊያ ሐኪሞች ከ200 በላይ ሴቶችን ይዘው አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ላክቶባሲለስ በአፍም በብልትም ሰጧቸው፤ የፈንገስ ሕመምን አልተከላከለም። ከኛ ጥያቄ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም ያወጣው ነው። እርጉዝ ያልሆኑ ሴቶችን ያካተቱ 10 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ ፕሮባዮቲክ ከሐኪም መድኃኒት ጋር ሲሰጥ የአጭር ጊዜ መዳንን በመጠኑ ሊያሻሽል፣ በወሩ ተመልሶ መምጣቱንም ሊቀንስ እንደሚችል ፍንጭ አገኘ። የማስረጃው ጥራት ግን ዝቅተኛ መሆኑን ራሱ ተቋሙ ጽፏል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ጋር እርጎ መብላት የሚያስወቅስ አይደለም። በመድኃኒቱ ፋንታ ግን አይሆንም።

ስለኛ እርጎ አንድ ነገር ልጨምር። በጥናቶቹ የተሰጠው ዓይነቱ የታወቀ፣ ቁጥሩ የተለካ ባክቴሪያ ነው። በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ በራሱ የረጋ እርጎ ግን ከቤት ቤት፣ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ከባክቴሪያው ጋር እርሾም ይኖርበታል። ለመብላት ግሩም ነው። ፈንገስ ባለበት ብልት ውስጥ የማይታወቅ ረቂቅ ሕዋስና ሌላ እርሾ ማስገባት ግን ጥበብ አይደለም። ማር ወይም ስኳር የተጨመረበትንም እንዲሁ።

ጢስ የሚሞቁም አሉ፤ በተለይ የወይባ ጢስ። ለሰውነት ድካምና ለመዓዛው ብላ የምትሞቀውን ሴት አልከለክልም። ማሳከክ ላይ ላለች ሴት ግን ሙቀቱና ላቡ ማሳከኩን ያባብሳሉ፤ ጢሱም የተቆጣውን ሥጋ ያስቆጣዋል። ሕመሙ እስኪለቅ ይቆይ።

የሚረዳውስ? ልከኛው ነገር ነው፤ ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መቀመጥ፣ ጥቂት ጨው ቢጨመርበትም አይጎዳም። በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ ማድረቅ። የጥጥ ፓንት፣ ሰፋ ያለ ልብስ። ሽታ ያለው ሳሙና፣ ዲቶል፣ ሽቶ ያለበት ሞዴስ መተው። ከውጭ በውሃ ብቻ መታጠብ፤ ውስጡን አለመንካት። እነዚህ ፈንገሱን አይገድሉም፤ መድኃኒቱ ሥራውን እስኪሠራ ድረስ ግን ሥቃይ ያቀላሉ፤ ከየትኛውም ማዘዣ ጋር አይጋጩም።

አብረው ሲሄዱ የሚጋጩት

ፍሉኮናዞል አንድ ፍሬ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ግን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰብርበትን መንገድ ይዘጋል። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች እንበል፤ በአገራችን ብዙዎች ይወስዱታል። ፍሉኮናዞል ሲጨመር፣ በተለይ ተደጋግሞ ሲታዘዝ፣ ግሊቤንክላሚዱ ከሰውነቷ ሳይወጣ ይቆይና የደም ስኳሯ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ይህችው ሴት «ለስኳርም ለማህፀንም ጥሩ ነው» ተብላ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አብሽ የምትጠጣ ከሆነ፣ አብሽም የደም ስኳርን ሊቀንስ እንደሚችል በትንንሽ ጥናቶች ታይቷልና፣ ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ ይጎትቷታል። ጾም ከሆነ ደግሞ እስከ ቀትር አትበላም። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። ለሐኪሟ ያልነገረችው አብሽ እዚህ ላይ ነው ዋጋ የሚያስከፍላት።

ለልብ ወይም ለደም መርጋት ዋርፋሪን የምትወስድ ሴትም ትጠንቀቅ። ፍሉኮናዞል የዋርፋሪንን ኃይል ያበረታል፤ በብልት የሚገባው ሚኮናዞልም እንኳ ይህን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ብዙ ነጭ ሽንኩርት በላዩ ሲጨመር ደም የመፍሰስ አደጋው ያድጋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው የፍሉኮናዞልን መጠን ይቀንሳል፤ ያኔ «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚባለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የኮኮናት ዘይትም ሆነ ዘይት ያላቸው የፈንገስ ቅባቶች ኮንዶምን ያሳሳሉ፤ ሕክምናው እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ቀናት በኮንዶም አለመተማመን ነው።

እርጉዝ ሴት የራሷ ሕግ አላት። ለሷ የሚመረጠው በብልት የሚገባ ክሎትሪማዞል ወይም መሰሉ ለ7 ሌሊት ነው። በአፍ የሚወሰድ ፍሉኮናዞል በሐኪም ካልተወሰነ በቀር አይወሰድም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሰፊ የዴንማርክ ጥናት በእርግዝና ወቅት የወሰዱት ሴቶች ላይ የፅንስ መጨንገፍ በርከት ብሎ መታየቱን አሳይቷል። ጤና አዳምም ለሷ አይበጃትም። በቡና ሲኒ የምትገባው አንዲት ቅርንጫፍና ተቀቅሎ በኩባያ የሚጠጣው አንድ አይደሉም፤ የኋለኛው በብዛት ሲወሰድ ማህፀን እንደሚያኮማትር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ጾምን በተመለከተ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ፍሉኮናዞል ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም እኩል ይሠራል፤ ስለዚህ ከጾም መፍቻ በኋላ ወይም ከኢፍጣር በኋላ መውሰድ ይቻላል። በብልት የሚገባው ማታ ተኝተው የሚያስገቡት ነው። ታካሚዎች መድኃኒት የሚያቋርጡት ግን ብዙ ጊዜ ጸበል ሲጀምሩ ነው። ይህ መሆን የለበትም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ ታካሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ለዚያ ከባድ ሕመም የተፈቀደ ለዚህ አይከለከልም። መጠጣቱም መጠመቁም ይቀጥል፤ በመርፌ ቱቦ ወደ ብልት ውስጥ መርጨት ብቻ ይቅር።

እየተመላለሰ ሲያስቸግር

በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስባቸው ሴቶች የዚህ ሁሉ ሙከራ ዋና ደንበኞች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 387 እንዲህ ያሉ ሴቶችን ይዞ ነበር። ለ6 ወር በየሳምንቱ 150 ሚሊግራም ፍሉኮናዞል ከወሰዱት ከ10ሩ 9ኙ ገደማ በስድስተኛው ወር ሕመሙ አልነበረባቸውም። መድኃኒቱን ካቆሙ ከ6 ወር በኋላ ግን ነጻ የቀሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። መድኃኒቱ ይቆጣጠረዋል፤ ሁልጊዜ አይነቅለውም። ሐኪም ይህን ቀድሞ ለታካሚዋ ሊነግራት ይገባል፤ ካልነገራት ሲመለስባት መድኃኒቱን ትታ የሚሸጥላትን ሁሉ ትገዛለች።

ሲመላለስ የሚጠየቁት ጥያቄዎችም ይለወጣሉ። የስኳርና የኤችአይቪ ምርመራ ተደርጓል? ፈንገሱ በላቦራቶሪ ተዘርቶ ዓይነቱ ታውቋል? ካንዲዳ ግላብራታ የሚባለው ዓይነት ለፍሉኮናዞል በቀላሉ አይበገርም። ለሱ ከሚሰጡት አንዱ ቦሪክ አሲድ ነው፤ 600 ሚሊግራም በካፕሱል ተሞልቶ በብልት የሚገባ፣ በሐኪም ክትትል፣ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት። ቦሪክ አሲድ በኢንተርኔት «የቤት መድኃኒት» ተብሎ ሲሸጥ አያለሁ። በአፍ ቢዋጥ ሊገድል ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት መቀመጥ የለበትም፤ እርጉዝ ሴትም አትነካውም። የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት ያለፋት ሴት ማሳከክ ሲይዛት ደግሞ ፈንገስ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ የቆዳ ሕመም፣ የሆርሞን ማነስ ወይም ስኳር ሊሆን ይችላልና ዓይቶ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋታል። ከማሳከኩ ጋር ትኩሳት ወይም የሆድ ሕመም የተሰማት ሴትም በማንኛውም ዕድሜ ትሁን በቤት አትቆይ።

ሐኪም ፊት የምትቀመጥ ሴት የምትናገረው ይህን ያህል ይበቃል፦ መቼ ጀመረኝ፣ ፈሳሹ ምን ይመስላል፣ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ ወይ፣ እርጉዝ ነኝ ወይ፣ የምወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው፣ በአፌ የምጠጣው ቅጠል ይህ ነው፣ በብልቴ ያስገባሁት ይህ ነው፣ የመጨረሻው መቼ ነበር። ሐኪሙ ቢቆጣ የሐኪሙ ጥፋት ነው። ደግማ ትንገረው። ጠያቂው ሐኪምም «ሌላ መድኃኒት አለ?» በሚል አንድ ጥያቄ አይለፈው፤ «ቤት ምን ሞከርሽ?» ይበል፤ ጨው ውሃውን፣ ሽንኩርቱን፣ እርጎውን፣ ጸበሉን በስማቸው እየጠራ ይጠይቅ። በስሙ ሲጠራላት ታወራለች።